የሳቂታዋ ታላቅ እህት

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጡረታ የወጡት ሰዓት ሠሪ ከገዛ ቤታቸው ደረጃ ሥር ወድቀው ተገኙ። ያገኛቸው የመንገዱ ጥበቃ ነው። ዘወትር ተቆልፎ የሚያውቀው የግቢ በር ገርበብ ብሎ ቢያይ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ዘለቀ። ሽማግሌው ግንባራቸው ደም በደም ሆኖ፣ አንድ እግራቸው ከሥራቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያውን ያያሉ። «ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት?» ቢላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መርማሪው የደረሰው አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በምርመራ የሠራ፣ ፋይል ቶሎ በመዝጋት ስሙ የሚነሳ ሰው ነው። ፎቅ ወጣ። ከመኝታ ቤቱ ኮመዲኖ አንድ መሳቢያ ተስቦ ወጥቶ አልጋው ላይ ተገልብጧል። ኮመዲኖው ላይ የተደረደሩት ሦስት የወርቅ ሰዓቶች ግን እንደተደረደሩ ናቸው።

«ወርቅ የማይወድ ሌባ» አለች አብራው የምትሠራው ሳጅን።

የጠፋውን የነገራቸው የሽማግሌው ልጅ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው የመኪና ጎማ ነጋዴ ሲሆን፣ ቀኑን ሱቁ ቢውልም ከአባቱ ጋር እዚያው ቤት ይኖራል። ተደውሎለት እያለከለከ መጣና ባዶውን መሳቢያ ሲያይ ራሱን ያዘ።

«የቤቱ ካርታ! አባባ እዚህ ነበር የሚያስቀምጠው። ቤቱን ሊሸጠው ነበር እኮ!»

ሦስቱ ወደ ግቢው በር ወረዱ። መርማሪው ማስታወሻውን አወጣ።

«አንተ ከቤት ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«አራት ሰዓት ገደማ።»

«ስትወጣ ያየኸው ሰው አለ?»

«እ… አንዲት ሴትዮ ስትገባ ነበር መሰለኝ።»

በሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ ከስልክ ቁጥሩ በላይ የሽያጭ ወኪሏ ፎቶ አለ፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ የተኛ፣ ጥርሷ ሁሉ የሚታይ፣ ያየችውን ሁሉ የምትወድ የምትመስል ወጣት ሴት። መርማሪው ጊዜ ማባከን አይወድም። ጣቱን ወደ ፎቶው ቀሰረ።

«ይህቺ ናት?»

ልጁ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየ።

«አዎ። ራሷ ናት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምን ነካዎት! ፀጉሯን ለቃው፣ ልክ እንደዚሁ ሆና። እየሳቀች ሰላም ብላኝ ነው ያለፈችው።»

ሳጅኗ ከምትጽፍበት ቀና ብላ መርማሪውን አየችው። አለቃዋ ነውና ወደ ጽሕፈቷ ተመለሰች።

የመንገዱ ጥበቃ ወሬ የሚወድ፣ ሲናገር በእጁ ጭምር የሚናገር ሰው ነው።

«አራት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ሽንት ቤት። ሆዴን ቆርጦኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እዚያው ነበርኩ። ይጻፉት፣ ምን አሳፈረኝ!»

«የሰሌዳዋን ሴት ታውቃታለህ?»

«ሳቂታዋን? ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላት። በዓይኔ ግን አይቻት አላውቅም። የምትመጣው ታላቅ እህቷ ናት።»

መርማሪው ብዕሩን አቆመ። «እህቷ?»

«ጠና ያለች፣ ወፈር ያለች፣ ደግ ሴት። ቤቱን ለገዢ የምታሳየው እሷ ናት። ‹እህቴ ልካኝ ነው፣ ጊዜ አጥታ ነው› ትላለች። ለጋሼ መድኃኒታቸውን ገዝታላቸው ስትመጣ እንኳ አይቻለሁ። እንዲያው ዓለም እንዲህ ናት፤ የምትለፋው ታላቂቱ፣ ሰሌዳ ላይ የምትስቀው ታናሽየዋ።»

መርማሪው ወደ መኪናው ሲመለስ ነገሩ ተገጣጥሞለታል። አንደኛዋ እየተመላለሰች ቤቱን ታጠናለች፣ ሽማግሌውን ታለማምዳለች። ቀኑ ሲደርስ ሌላዋ ትገባለች። ካርታ የያዘ ሰው ቤት መሸጥ አያቅተውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለው ነበር።

መርማሪው አንድ የቆየ ልማድ አለው። ተጠርጣሪን በመጥሪያ አያስጠራም፤ ከሥራ ቦታው፣ ከባልደረቦቹ መሀል ራሱ ሄዶ ያነሳዋል። «ሃፍረት አፍ ያስከፍታል» ይላል። ለሠልጣኞች ሲያስተምር እንኳ ይህችን ሳይናገር አያልፍም።

የቤት ሽያጭ ቢሮው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ የእንግዳ ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የወኪሎቹ ፎቶዎች በረድፍ። ከፎቶዎቹ ሥር ሥራ አስኪያጁ የፈረመበት ወረቀት ተለጥፏል። ፎቶውን እስከ ዓርብ ያላሳደሰ ወኪል ከግድግዳው ይወርዳል፣ አዲስ ደንበኛም አይመደብለትም ይላል። መርማሪው አነበበውና ረሳው።

የሰሌዳዋ ሴት የትኛዋ እንደሆነች ሲጠይቅ ከጥጉ ጠረጴዛ መነጽር ያደረገች፣ ሽበቷን ወደ ኋላ የሰበሰበች ሴት ብድግ አለች። መርማሪው እሷንም ግድግዳውንም አየ። ፎቶ አንሺዎች የማይሠሩት ተአምር የለም፤ በዚያ ላይ ፖሊስ ያየ ሰው ፊቱ ይጠወልጋል፤ እንዲህ ብሎ አለፈው።

«ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ሥራ ላይ።»

«ፈቃድ ወስደሽ አልነበር እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ክፋት ሳያስብ።

ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«እህትዎስ? እህትዎ አሁን የት ናቸው?»

የያዘችው ብዕር ከእጇ ወደቀ። የቅርቧ ጠረጴዛ ባልደረባዋ ዞር ብላ «እህት አለሽ እንዴ? አንድ ቀን እንኳ ነግረሽን አታውቂም!» አለቻት። ሳቂታዋ ጠረጴዛዋን ብቻ ታያለች። መርማሪው ያልተነገረች እህት የተደበቀች እህት ናት ብሎ ደመደመ። ክንዷን ይዞ፣ ሶፋው ላይ በተቀመጡት ደንበኞች ፊት፣ በጠረጴዛዎቹ መሀል አውጥቶ መኪና ውስጥ አስገባት።

ጣቢያ ለመዝገብ ፎቶ ልትነሳ ካሜራው ሲቀሰርባት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሁለቴ «እጅዎን ያውርዱ» ተባለች። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቢጠይቃት የት እንደነበረች አልተናገረችም፤ ስለ እህቷ ሲነሳማ ጭራሽ አንገቷን ደፋች። በራሷ ፈቃድ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ደጋግማ።

«ጋሼ ይድናሉ?»

መርማሪው ይህንንም የጥፋተኛ ጭንቀት ብሎ መዘገበው። እዚያው አደረች።

ሆስፒታል የተኙት ሽማግሌም አልረዱትም። ማክሰኞ ማታ የሄደችው ሳጅን የተመለሰችው ባዶ እጇን ነው። ነርሷ እንዳለችው እግራቸው ተሰብሯል እንጂ አእምሯቸው ደህና ነው፤ ውሃ ሲፈልጉ ውሃ ይላሉ። የፖሊስ ድምፅ ሲሰሙ ብቻ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ረቡዕ ጠዋት መርማሪው ራሱ ሄደ። በሩ ላይ ጥበቃዋ መታወቂያ ጠየቀችው። ሰጣት። መታወቂያውን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና መታወቂያውን አየች።

«ጌታዬ፣ ተሳስተው የታናሽ ወንድምዎን መታወቂያ ይዘው እንዳይሆን።»

«የራሴ ነው።»

«ውይ! ይቅርታ። መቼ የተነሱት ነው?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። መርማሪው ፎቶውን እሱም አየው፤ ጉንጩ ገባ ያለ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ ቀጭን ጎረምሳ። ስቆ አለፈ። ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ስምንተኛው ይሁን ዘጠነኛው እርከን ላይ ቀጥ አለ። ከኋላው ምግብ የያዙ ጠያቂዎች «እለፍ እንጂ!» እያሉ በጎኑ ያልፋሉ።

ታናሽ ወንድምዎ። ታላቅ እህቷ።

ትናንት እፊቱ የተቀመጠችውን ሴት አሰባት፤ ሽበቷን፣ መነጽሯን፣ ወፈር ማለቷን። ከዚያ የጎማ ነጋዴውን ቃል አሰበ፦ ልክ እንደዚሁ ሆና። ቀጥሎ የመጣበት የገዛ ጣቱ ነው። ልጁ «አንዲት ሴትዮ» ነበር ያለው፤ መሬት ላይ የሌለችውን ሴት መርጦ የሰጠው እሱ ራሱ ነው። ለምስክር አንድ ፎቶ ብቻ አይታይም፤ ይህንን የአንደኛ ወር ሠልጣኝ ያውቃል። ወደ ሽማግሌው ሳይገባ ተመለሰ።

ምርመራ ክፍል አላስጠራትም። ከሳጅኗ ጋር በራሱ ቢሮ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት፣ በሩንም ዘጋ።

«እህት የለዎትም፤ አይደል?»

«የለኝም» አለች።

«የምትመጪው አንቺው ነሽ… ይቅርታ፣ እርስዎው ነዎት።»

«ያ ፎቶ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የተነሳሁት። ሰው ፎቶውን አይቶ ነው የሚደውልልኝ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። አንድ ቀን፣ ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ ባልና ሚስት ገዢዎችን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሚስትየዋ ጨበጠችኝና ‹እናትየዋ ነዎት? ልጅዎ አትመጣም?› አለችኝ። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ‹ታላቅ እህቷ ነኝ፣ እሷ ልካኝ ነው› አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ቤቱን ገዙት። ሲሄዱ ‹እህትሽን አመስግኚልን› አሉኝ። ከዚያ ወዲያማ ለመድኩት።»

«ሰዓት ሠሪውም እንደዚያው ነው የሚያውቁዎት?»

«ጋሼም። ‹ያቺ እህትሽ አንድ ቀን እንኳ አትጎበኘኝም?› እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም ‹ሥራ በዝቶባት ነው› እላለሁ።» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «ማክሰኞ ፎቶ ቤት ነበርኩ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ሌላ ሰፈር ነው የሄድኩት። ተቀመጥኩ፣ ሰውየው መብራቱን አስተካከለ፣ ‹እስቲ ፈገግ ይበሉ› ሲለኝ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። የአንገት ልብሴን እንኳ ረስቼ። ስሸሽ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።»

«ትናንት ይህንን ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ…»

«በባልደረቦቼ ፊት? እርስዎ ሌባ ነሽ ሲሉኝ፣ ‹አይ፣ ሌባስ አይደለሁም፣ አርጅቼ ነው› ልበልዎት?»

መርማሪው ማስታወሻውን ገለጠ። ሳጅኗ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

«ይጻፋል?» አለች ሴትየዋ።

«ካልተጻፈ የዋሸው ሰው አይያዝም። ውሸቱ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።»

ቃሏን ሰጥታ ፈረመች። ሳጅኗ ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄዳ ሰማያዊውን የአንገት ልብስ ይዛ ተመለሰች፤ ፎቶ አንሺው ሰዓቱን በደንብ ያስታውሳል፤ ከእሷ በኋላ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሙሽሮች ነበሩበት። የመንገዱ ጥበቃም የጣቢያውን ፎቶ ሲያይ «እንዴ! ታላቂቱን አሰራችኋት? ታናሽየዋስ አመለጠች?» ብሎ ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ የሽማግሌው ልጅ ተጠራ። መርማሪው የሰሌዳውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገለት።

«ማክሰኞ ያየሃት ይህቺን ነው?»

«አልኩዎት እኮ። እሷን ነው።»

«መነጽር አድርጋ ነበር?»

«የምን መነጽር? እንዲሁ እንደዚህ ነበረች።»

በሩ ተከፈተና ሴትየዋ ገባች። ሳጅኗ ባሳየቻት ወንበር ተቀመጠች። ልጁ ብድግ ብሎ በአክብሮት እጅ ነሳት።

«እኚህን ታውቃቸዋለህ?» አለ መርማሪው።

«አላውቃቸውም።» ፎቶውንና እሷን አስተያየ። «የልጅቷ እናት ናቸው?»

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። መርማሪው አየ፤ ይህችኛዋም በእሱ ሰበብ ያረፈችባት ዱላ ናት።

«ልጅቷ ራሳቸው ናቸው። ይህ ፎቶ የአሥራ ሰባት ዓመት ነው። ማክሰኞ ዕለት በዚህ መልክ ያያቸው ሰው ሊኖር አይችልም።»

የልጁ ቆሌ ተገፈፈ። ከንፈሩ ሁለት ሦስቴ ተንቀሳቀሰና ድንገት ጣቱን ወደ መርማሪው ቀሰረ።

«እርስዎ ነዎታ! እኔ ሴትዮ ነው ያልኩት! ‹ይህቺ ናት?› ብለው ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት!»

መርማሪው ሴትየዋ እንደምታየው እያወቀ ወደ እሷ መዞር አቃተው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሱም ይጻፋል። ያንተን ደግሞ ንገረኝ።»

የሆነው ይህ ነው። አባት ቤቱን ሸጠው ሌላ ከተማ ወዳለች ልጃቸው ሊሄዱ ወስነዋል። ልጅ ተወልዶ ያደገበትን ቤት ለቆ በዚህ ዕድሜው ኪራይ ቤት ሊገባ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ካርታውን ከመሳቢያ አወጣው። አባቱ ደረጃው ጫፍ ላይ ደርሰውበት ወረቀቱን ያዙ። እሱ ሳበ፣ እሳቸው አልለቅም አሉ፣ እሱ ይበልጥ ሳበ። «አልገፋሁትም» ይላል ደጋግሞ፣ «አልገፋሁትም።» ከወደቁ በኋላ ግን አላነሣቸውም። ካርታው ከጎማ መሸጫው ጓዳ፣ ከተደራረቡ ጎማዎች ውስጥ ወጣ።

መርማሪው ሆስፒታል ሄዶ ይህንኑ ለሽማግሌው ነገራቸው። ወደ ግድግዳው እንደዞሩ ሰሙት። የሴትየዋን መታሰር ሲሰሙ ግን ተገላበጡ።

«ያቺ እህትየዋ? መድኃኒት የምትገዛልኝ? በእኔ ጦስ አደረች?»

«አደሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእኔም ነው እንጂ ልጄ። የወለድኩት ልጅ አባቱን ጥሎ ሄደ ብዬ ከምናገር አፈር ልብላ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የቤቴን ገመና ሸፈንኩ ብዬ የሰው ቤት ገለጥኩ።» እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ። «ይቅርታ በልልኝ። ያችንም ታናሽ እህቷን ሰላም በልልኝ።»

መርማሪው እሺ አላቸው። የቀረውን ለመንገር ልብ አላገኘም። ሃፍረት አፍ ያስከፍታል እያለ ስንት ዓመት አስተማረ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሃፍረት አፍ ዘግቶ ሁለት ሰው ሲያሠቃይ አየ።

ሐሙስ ጠዋት የቤት ሽያጭ ቢሮው ሄደ። እሷ ጥጓ ላይ ተቀምጣለች። በተፈታች ማግስት ሥራ መግባቷ ነው፤ ዓርብ ነገ ነው፤ እንጀራ አይጠብቅም። ባልደረቦቿ ከኮምፒውተራቸው ቀና አይሉም፣ እሷም አትናገራቸውም። መርማሪው መሀል ክፍሉ ላይ ቆመ፣ ቆቡን አወለቀ።

«ማክሰኞ ዕለት እኚህን ሴት ከዚህ በሰው ፊት ያወጣሁት በስህተት ነው። ያላጠፉትን ጥፋት በምስክሩ አፍ ያኖርኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት አዋርጄያቸዋለሁ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሰየው፣ እኛም ደስ ብሎናል። ታዲያ ማክሰኞ የት ነበረች?»

መርማሪው መልሱን መንገድ ላይ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። «በሥራ ጉዳይ፣ አንድ ደንበኛ ዘንድ…»

«ይተዉ» አለች ሴትየዋ ከጥግ። ተነሥታ ቆማለች። «የራስዎን ይቅርታ ይጠይቁ እንጂ ለእኔ አይዋሹልኝ። ውሸቱ በቅቶኛል። ፎቶ ቤት ነበርኩ። ፈገግ በይ ሲሉኝ ሸሽቼ ወጣሁ።» ባልደረባዋን አየች። «እህትም የለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለገዢዎች የራሴ ታላቅ እህት ነኝ ስል ነው የኖርኩት።»

አንዱ ጥግ ሳቅ አመለጠ፤ ሳቂው ወዲያው አፉን ያዘ፣ ግን ተሰምቷል። ሥራ አስኪያጁ መላጣውን እየዳበሰ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ባለ ሙሉ ፀጉር ፎቶው ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ። እሷ የተሳቀባት ሰው ፊት ይዛ ቆማለች። መርማሪው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ጠረጴዛዋ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሦስት ጊዜ ከጮኸ በኋላ አነሳችው።

«ሃሎ… አዎ፣ እኔው ነኝ… የሁለት መኝታ ቤቱን ነው? ዘጠኝ ሰዓት ይመቸኛል…» አዳመጠች። ነጻ እጇ የጠረጴዛውን ጫፍ ጨበጠ። «አይ፣ በፎቶው አያውቁኝም። ፎቶው የድሮ ነው።»

ደዋዩ ታዲያ በምን እንደሚያውቃት ጠየቃት። በክፍሉ ውስጥ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ሁሉም ይሰማል፣ እሷም እንደሚሰሙ ታውቃለች።

«ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ እንደገና ጠገነችው። «ፀጉሬ ሸብቷል። መነጽር አደርጋለሁ። ወፈር ያልኩ ነኝ። በሩ ላይ ቆማ የሚያገኟት ሴት እኔ ነኝ። ሌላ የሚመጣ ሰው የለም።»

መርማሪው ቆቡን እንደያዘ፣ አቀርቅሮ፣ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቀ።